ፓራታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ሲያቆም፦ ካልሲየምን ሳይወርድም ሳይንርም ማቆያ ዝርዝር መመሪያ

የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ካልሲየም የወረደባቸው ብዙ ሰዎች ኪኒናቸውን በደንብ ይጀምራሉ። ከንፈራቸው ዙሪያ መደንዘዙ ሲተዋቸው ግን "ተሽሎኛል" ብለው ያቆማሉ። ከሳምንታት በኋላ ጣታቸው ይቆላለፋል፣ ባታቸው ይጨመደዳል። "ብርድ መታኝ" ይሉና ጋቢ ይደርባሉ። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝና በተጉለት ብርድ ይህን ምክንያት ማን ይጠራጠራል? አንዳንዱ ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው እንደሚጥል በሽታ እየተንዘፈዘፈ ነው።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ያዙት። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ከእሱ ጋር ለመነጋገር እንዲመቻችሁ የተቀመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

አንገት ላይ፣ ከታይሮይድ (ከእንቅርት) ዕጢ ጀርባ፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ብዙውን ጊዜ 4 ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ቢያክሉ ነው። የሚያመነጩት ሆርሞን ፒቲኤች ይባላል። ይህ ሆርሞን ካልሲየም ከአጥንት ወደ ደም እንዲወጣ ያደርጋል። ኩላሊት ካልሲየምን እንዲያስቀር፣ ፎስፌትን እንዲያስወግድ ያዛል። ቫይታሚን ዲን ኩላሊት ውስጥ ወደሚሠራው ዓይነት የሚያስቀይረውም እሱ ነው። ሆርሞኑ ሲጠፋ በደም ውስጥ ካልሲየም ይወርዳል፣ ፎስፌት ከፍ ይላል።

"ፀሐይ ሙቁ፣ ይለቃችኋል" የሚለው ምክር እዚህ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። ፀሐይ የምትሰጠው ቫይታሚን ዲ ገና ጥሬ ነው። እሱን የሚያስቀይረው ሆርሞን ደግሞ የለም።

በብዛት መነሻው የአንገት ቀዶ ሕክምና ነው። ዕጢዎቹ አብረው ይወጣሉ፣ ወይም ደም ይቋረጥባቸዋል። የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢዎቹን ሲያጠቃ፣ በዘር ሲመጣ ወይም ማግኒዥየም በጣም ሲያንስም ይከሰታል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው በብዙዎች ላይ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ከ6 እስከ 12 ወር ካለፈው ግን ዘላቂ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ።

ደረጃ 1፦ በሽታው ይኸው መሆኑን አረጋግጡ

የካልሲየም ማነስ ሁሉ የዚህ ዕጢ ጥፋት አይደለም። የሚከተሉት ምርመራዎች በአንድ የደም ናሙና እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ።

1. ካልሲየም እና አልቡሚን (ካልሲየምን የሚሸከም የደም ፕሮቲን)፣ ሁለቱም።
2. ፎስፌት።
3. ማግኒዥየም።
4. ፒቲኤች። ከካልሲየሙ ጋር በአንድ ጊዜ መቀዳት አለበት። ለብቻው ብዙም አይናገርም።
5. የኩላሊት ምርመራ (ክሪያቲኒን) እና ቫይታሚን ዲ።

ካልሲየም ዝቅ ብሎ ፒቲኤችም ዝቅ ካለ፣ ወይም ከፍ ማለት ሲገባው "ኖርማል" ላይ ከቆመ፣ ጉዳዩ የዕጢው ነው። ካልሲየም ዝቅ ብሎ ፒቲኤች ከፍ ካለ ግን ዕጢው እየታገለ ነው። ያኔ የቫይታሚን ዲ እጥረት ወይም የኩላሊት ሕመም ይፈለጋል፣ ሕክምናውም ይለያል።

ፒቲኤች በየጤና ጣቢያው አይሠራም። ደብረ ብርሃን ካልተገኘ ናሙናው ወይም እናንተ አዲስ አበባ ድረስ ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ እስኪሆን የወረደ ካልሲየም ሳይታከም አይቆይም። ደሙ ይቀዳ፣ ሕክምናው ይጀመር፣ ውጤቱ በኋላ ይድረስ።

*ውጤቱን ስታነቡ።* በብዙ ላቦራቶሪ ጤነኛው መጠን ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ወረቀቱ በሚሊሞል ከሆነ በ4 አባዙት፤ 2.0 ማለት 8.0 ነው። አልቡሚን ካነሰ ካልሲየሙ ከእውነቱ በታች ይታያል። አልቡሚኑን (በግራም በዴሲሊትር) ከ4 ቀንሱ፣ ልዩነቱን በ0.8 አባዙ፣ በካልሲየሙ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ላይ ደምሩ። ካልሲየም 7.6፣ አልቡሚን 3 ከሆነ እውነተኛው 8.4 ገደማ ነው። ሰው የሚደነግጥበት ቁጥር አንዳንዴ እንዲህ ይለዝባል።

*ማስጠንቀቂያ።* ቀዶ ሕክምናው አዲስ ከሆነ ካልሲየም በብዛት የሚወርደው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን ተሰናብታችሁ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ከገባችሁ፣ የሚወርደው ቤታችሁ ሆናችሁ ነው። ከተቻለ እስከ አራተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት እረፉ። ሳትወጡ ካልሲየማችሁ ስንት እንደነበር አስጽፉ።

ደረጃ 2፦ መድኃኒቶቻችሁን በስማቸው ለዩ

ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። የሚታዘዙት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

*አንደኛ፣ ካልሲየም።* ካርቦኔት በብዛት ይገኛል። ሲትሬትና ግሉኮኔትም አሉ። ማሸጊያው ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ያታልላል። 1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 500 ሚሊግራም ነው። 500 ሚሊግራም ካልሲየም ግሉኮኔት ኪኒን ውስጥ ያለው ግን 45 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ካርቦኔት ለመተካት ወደ 11 የግሉኮኔት ኪኒን ያስፈልጋል። "500 በ500 ነው" ብሎ የሚቀይርላችሁን አትቀበሉ።

*ሁለተኛ፣ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ።* ስሙ ካልሲትሪዮል ወይም አልፋካልሲዶል ነው። መጠኑ በማይክሮግራም ነው፤ 0.25፣ 0.5 ወይም 1። ሚሊግራም አይደለም፤ ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺሕኛ ነው።

ከመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል።

"እማማ፣ እሱ አልቋል። ይሄኛውን ይውሰዱ፣ እሱም ቫይታሚን ዲ ነው።"

"ያው ነው ልጄ?"

"ያው ነው፣ እንዲያውም ካልሲየም አለው።"

ያው አይደለም። የሚሰጣቸው ካልሲየም ከዲ3 ጋር የተቀላቀለበት ነው። ዲ3 ጥሬው ነው። ሐኪሙ ጨምሮ ሊያዘው ይችላል፣ በካልሲትሪዮል ቦታ ግን አይገባም። ባዶውን ማሸጊያ አትጣሉ። ይዛችሁ ሂዱና ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አልፋካልሲዶልና ካልሲትሪዮልም እኩል በእኩል አይቀያየሩም። አልፋካልሲዶሉ አብዛኛውን ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ቅያሪውን ሐኪም ይጻፈው።

*መድኃኒቱ ከጠፋ።* ካልሲትሪዮል ሲቋረጥ ጉልበቱ በ2 ወይም 3 ቀን ያልቃል። አልፋካልሲዶል እስከ ሳምንት ሊያቆይ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ የ2 ሳምንት መጠባበቂያ ቤት ውስጥ ይኑር። መጠባበቂያውን መንካት ስትጀምሩ ፍለጋውም ይጀመር። አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ወይም ሾፌር ካለ የማዘዣውን ፎቶ ላኩለት፤ ከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ይጠይቅ። ጤና መድን ካላችሁም መድኃኒቱ በሌለበት ጊዜ ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ ጠይቁ። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ታውቃላችሁ። መጠባበቂያ የማይኖረው ሰው ሁለቱንም ኪኒን ቢያጣ፣ ምልክት ባይታይበትም ሳይዘገይ ጤና ተቋም ሄዶ ካልሲየሙን ያሳይ።

ደረጃ 3፦ የቀኑን ሰዓት አስተካክሉ

የእንቅርት ዕጢያቸው የወጣላቸው ሰዎች ሌቮታይሮክሲንም ይወስዳሉ። ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል።

1. ጠዋት 12 ሰዓት፦ ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ። ቡና ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ።
2. ጠዋት 1 ሰዓት፦ ቁርስ። ካልሲየም ገና ነው።
3. ከረፋዱ 4 ሰዓት፦ የመጀመሪያው ካልሲየም፣ ከቆሎ ወይም ከዳቦ ጋር።
4. ቀን 7 ሰዓት፦ ሁለተኛው ካልሲየም ከምሳ ጋር።
5. ማታ 2 ሰዓት፦ ሦስተኛው ካልሲየም ከራት ጋር።

ካልሲትሪዮል ምግብ አይፈልግም፤ በታዘዘላችሁ ሰዓት ውሰዱ። ካርቦኔት ግን የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ በባዶ ሆድ አትዋጡት። የቀኑን ካልሲየም በአንድ ጊዜ መጠቅለልም ከንቱ ነው። አንጀት በአንድ ጊዜ በደንብ የሚቀበለው 500 ሚሊግራም ገደማ ነው።

አንድ ጊዜ ከረሳችሁ፣ ስታስታውሱ ከምግብ ጋር ውሰዱ። የሚቀጥለው ከደረሰ የረሳችሁትን ተዉት፣ አትደርቡ።

ካስመለሳችሁ ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁና ኪኒን ከሆድ ውስጥ መቆየት ካቃተው፣ ሁለተኛውን ቀን አትጠብቁ። ካልሲየም በደም ሥር ሊያስፈልግ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ጾምና ጠበል

ይህን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። በሰሜን ሸዋ ግን ሳይነጋገሩበት ማለፍ አይቻልም።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ማታ 2 ሰዓት ካልሲየም ከወሰደ በኋላ የሚቀጥለውን የሚወስደው 19 ሰዓት ቆይቶ ነው። ሆርሞኑ ለሌለው ሰው ይህ ረጅም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጥቂት ቀን ችሎ የነበረ ሰው በመሐል ይወድቃል። ስለዚህ፦

1. ጾሙ ከመግባቱ 2 ሳምንት በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ። ሕመማችሁን በግልጽ ንገሯቸው፤ "ትንሽ ኪኒን አለኝ" ብላችሁ አታድበስብሱ።
2. ጠዋት ኪኒን ከምግብ ጋር እንድትወስዱ ከተፈቀደላችሁ፣ የጾም ምግብ ይበቃል። በሶ ወይም ዳቦ ከካርቦኔቱ ጋር ይሄዳል።
3. ከጾሙ በፊት ወተት የምትጠጡ ከነበረ፣ አንድ ብርጭቆ ወደ 300 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል። እሱ ሲቀር መጠኑ እንዲታይ አድርጉ። ለፋሲካ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወተት አታብዙ፤ ፎስፌቱም አብሮ ይገባል።
4. ረመዳን የሚጾም ሰውም ያው ነው። ኢፍጣርና ሱሑር ላይ ብቻ መከፋፈል ለሁሉም አይበቃም፣ ከጾሙ በፊት ይመከር።

ጤፍና ጎመን ካልሲየም አላቸው፣ ብሉ። ኪኒኑን ግን አይተኩም።

ሸንኮራ ዮሐንስም ይሁን ሌላ ጠበል ስትሄዱ ኪኒኑ አብሯችሁ ይሂድ፣ ከቆይታችሁ በላይ በሚበቃ መጠን። ጠበሉን ጠጥቶ የሚያስመልሰው ሰው ኪኒኑን ከማስመለሱ በፊት ሳይሆን ሆዱ ከረጋ በኋላ ይውሰድ። ማስመለሱ ወይም ተቅማጡ ከቀጠለ ማግኒዥየምም ይወርዳል። ማግኒዥየም ከወረደ ካልሲየም የቱንም ያህል ቢዋጥ አይነሣም።

ደረጃ 5፦ ሲወርድ ለዩ፣ ወዲያው ተንቀሳቀሱ

መጀመሪያ ከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፤ መርፌ መርፌ ይላል። ቀጥሎ ጡንቻ ይጨመደዳል። እጁ ልዩ መልክ አለው። አንጓው ይታጠፋል። ጣቶቹ ቀጥ ብለው ይጋጠማሉ፣ ከመዳፉ ጋር ባሉት መገጣጠሚያዎች ብቻ ጎንበስ ይላሉ። አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል። በሌላኛው እጅ ልትዘረጉት ብትሞክሩ ያማል፣ እሺም አይልም። የደም ግፊት ማሰሪያ ሲነፋ እጁ እንዲህ ከሆነ ለባለሙያ ትልቅ ምልክት ነው። ቤት ውስጥ ክንድ አስራችሁ ግን አትሞክሩት።

*መደንዘዝ ብቻ ከሆነ።*
1. ተቀመጡ። ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ደንግጦ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ የሚሠራውን ካልሲየም ይበልጥ ይቀንሳል።
2. ሐኪማችሁ ለዚህ ጊዜ የፈቀደላችሁን ተጨማሪ ካልሲየም ከትንሽ ምግብ ጋር ውሰዱ። የሚታኘክ ከሆነ አኝኩት። "ሲደነዝዘኝ ስንት ልጨምር?" ብላችሁ ቀድማችሁ አስጽፉ።
3. በ1 ሰዓት ውስጥ ካልለቀቀ፣ ወይም በዚያው ቀን ከተመለሰ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

*ጉሮሮ ከታፈነ፣ ትንፋሽ ካፏጨ፣ ሰው ከተንዘፈዘፈ፣ ልብ ከተዘበራረቀ ወይም ራስ ካሳተ።* አትጠብቁ። ያገኛችሁትን መኪና ያዙ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የሚንዘፈዘፈውን ሰው በጎኑ አስተኙት። ክብሪት አታሽትቱት። ማንኪያም ኪኒንም አፉ ውስጥ አታስገቡ።

ሆስፒታል የሚሰጠው ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ነው። ተበርዞ ቀስ ተብሎ ይገባል፣ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ልብም በመሣሪያ ይታያል። መርፌው የገባበት ካቃጠላችሁ ወይም ካበጠ ወዲያው ተናገሩ፤ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ይጎዳል። ሴፍትሪያክሶን ከታዘዘላችሁ ካልሲየም በደም ሥር እየወሰዳችሁ መሆኑን አስታውሷቸው። ሁለቱ በአንድ መስመር አይቀላቀሉም።

ደረጃ 6፦ ሲበዛም ለዩ

የበዛ ካልሲየም ጸጥ ብሎ ይመጣል። ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ፍዝዝ ማለት። ሰው ድካሙን ይዞ "አሁንም አነሰኝ" ብሎ ኪኒን ይጨምራል። አደገኛው ስህተት ይኸ ነው። መደንዘዝ ሳይኖር እነዚህ ካሉ የሚቀጥለውን ካልሲየምና ካልሲትሪዮል (ወይም አልፋካልሲዶል) አትውሰዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። ግራ የሚጋባ ወይም ደጋግሞ የሚያስመልሰው ሰው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን አታሳምሩት

"ለምን 10 አልደረሰም?" ብሎ የሚጨነቅ ታካሚ አለ። እንዲደርስ አይፈለግም። ሆርሞኑ ስለሌለ ኩላሊት ካልሲየምን በሽንት ይለቃል። ደሙ ላይ ቁጥሩ ሲያምር ሽንቱ ውስጥ ይበዛል፣ ጠጠር ይሠራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከጤነኛው መጠን የታችኛው ግማሽ ወይም ከሱ ትንሽ ዝቅ ያለው ነው፤ ምልክት ሳይኖር።

1. መጠን በተቀየረ ቁጥር በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ ደም ይታይ። ከረጋ በኋላ በየ3 እስከ 6 ወሩ።
2. የጠዋቱን ኪኒን ሳትወስዱ ተቀዱ፤ በተቻለ መጠን አንድ ላቦራቶሪ ይሁን። ክንዳችሁ ታስሮ ብዙ ከቆየ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል።
3. የ24 ሰዓት ሽንት ካልሲየም ከታዘዘ፣ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ድፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እስከ ነገ ጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ድረስ፣ እሱንም ጨምሮ፣ ሰብስቡ። አንድ ጊዜ ከደፋችሁ እንደገና ጀምሩ።
4. ጨው ቀንሱ። ጨው በበዛ ቁጥር በሽንት የሚወጣው ካልሲየምም ይበዛል።
5. ዓይናችሁን በየዓመቱ አሳዩ። ካልሲየም ወርዶ ሲቆይ የዓይን ሞራ ያመጣል።

ደረጃ 8፦ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ

- *ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን።* ቫይታሚን ዲን ቶሎ ያቃጥላሉ። ካልሲየም አንሶት የተንዘፈዘፈ ሰው "የሚጥል በሽታ ነው" ተብሎ እነዚህ ቢጀመሩለት ካልሲየሙ ይብስ ይወርዳል። አንገቱ ላይ የቀዶ ጠባሳ ያለው ሰው ከተንዘፈዘፈ ካልሲየሙ ይታይ ብላችሁ ጠይቁ። የጀመራችሁትን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።
- *ኦሜፕራዞል።* ካርቦኔት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ሲቆይ ማግኒዥየምም ያወርዳል። ሐኪሙ ወደ ሲትሬት ሊቀይር ይችላል።
- *ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ አይረን።* ከካልሲየም ጋር ይያያዛሉ። ሰዓታቸውን ለዩ።
- *ፉሮሴማይድ* ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል። *ሃይድሮክሎሮታያዛይድ* ያስቀራል፤ አንዳንዴ ለዚሁ ጥቅም ይታዘዛል።
- *የወባ መድኃኒት።* ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የምትወርዱ ይህን ያዙ። ክሎሮኪንና ኮአርተም የልብን ምት ሥርዓት ይነካሉ፤ ካልሲየም ማነስም እንዲሁ። ወባን አለመታከም አይታሰብም። ከመጀመሩ በፊት ሕመማችሁን ተናገሩ፣ ካልሲየም ይታይ።

ደረጃ 9፦ እርጉዝና አራስ

እርግዝና ላይ የሚያስፈልገው መጠን ይለዋወጣል፤ ደም በየጥቂት ሳምንቱ ይታይ። ሰው የሚዘነጋው ከወሊድ በኋላ ያለውን ነው። ጡት ስታጠባ ሰውነቷ ካልሲየም የሚያነሣ ሌላ ሆርሞን ያመነጫል። የድሮው መጠን በዝቶባት ካልሲየሟ ሊንር ይችላል። አራስ ቤት ሆና ጥም፣ የሆድ ድርቀትና ፍዝዝታ ከታየባት "የአራስ ድካም ነው" ብላችሁ አትለፉት። ጡት ስታስጥል ደግሞ መልሶ ይወርዳል፣ ያኔም ይመርመር።

ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት

ይህን በእጃችሁ ገልብጡት። ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት፣ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ ያዙ።

"ፓራታይሮይድ ዕጢዬ አይሠራም። ብንዘፈዘፍ፣ ጉሮሮዬ ቢታፈን ወይም ራሴን ብስት መጀመሪያ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይታይልኝ። የምወስደው፦ ካልሲየም ____ ፣ ካልሲትሪዮል ወይም አልፋካልሲዶል ____ ማይክሮግራም፣ ሌሎች ____ ። የመጨረሻው ካልሲየሜ ____ ፣ ቀን ____ ። የቤተሰብ ስልክ ____ ።"

ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉት፤ በየምርመራው ይቀየራል።